ስለ እናቶች ሸክምና ስለ ሕፃናት አያያዝ

የአንድ አገር ብልጽግና በብዙ ዓይነት ሚዛን ይመዘናል። አንዱ በእህሉ ብዛት፥ አንዱ በመንገዱ ርዝመት፥ ሌላውም በትምህርት ቤቱና በሐኪም ቤቱ ቍጥር ይመዝነዋል። ይህም ሁሉ የሚገባ ነው። ነገር ግን እህሉን የሚያመርተውም፥ በመንገዱ የሚሄደውም፥ በትምህርት ቤቱ የሚማረውም ሰው ሁሉ አስቀድሞ በእናቱ ወገብ ላይ የተቀመጠ ሸክም ነበር። ስለዚህ የእናቶች ወገብ ጤና ለጓዳ ወሬ ብቻ የሚተው ሳይሆን፥ ሹማምንትም ካህናትም ሊያስቡበት የሚገባ የአገር ጉዳይ ነው። እኛም ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ብዙ ሰው በየቀኑ እያየው ከቶ ልብ ስለማይለው ነገር፥ ይኸውም ሕፃንን በአንድ ጎን ታቅፎ መዋል በእናቲቱ ሰውነት ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት ነው።

በገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው ከጃቢ ጠህናን፥ ከደምበጫ ወይም ከወምበርማ ወገን የሚመጡትን እናቶች ይመልከት። ብዙዎቹ በጀርባቸው የእህል ጆንያ ወይም የውሃ ጄሪካን ወይም የእንጨት እስር ተሸክመዋል። በቀኝ እጃቸው ዶሮ ወይም ዕቃ ይዘዋል። ዓመት ያለፈው ልጅ ደግሞ በግራ ዳሌያቸው ላይ እግሮቹን ከፍቶ ተቀምጧል፤ የእናቲቱም ግራ ክንድ ወገቡን ይዞታል። ልጁ ወደ ግራ ስለሚከብዳት አካሏ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እንደዚህም ሆና የሁለት ሰዓት ወይም የሦስት ሰዓት መንገድ ትሄዳለች። ቤቷ ከደረሰችም በኋላ እንጀራ ስትጋግር፥ ወጥ ስታማስል፥ ከጎረቤት ጋራ ስትነጋገር ልጁ ከዚያው ከግራ ጎኗ አይወርድም።

ይሁን እንጂ በጎጃም የልጅ ቦታ ከጥንት ጀምሮ ጀርባ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። አያቶቻችን ቆዳውን አልፍተው፥ በዛጎል አስጊጠው የሠሩት አንቀልባ የልጁን ክብደት በሁለቱም ትከሻና በወገብ ላይ አስተካክሎ የሚያሳርፍ ብልሃት ነው። እጅም ነጻ ሆኖ ለሥራ ይተርፋል። ታዲያ ይህን የመሰለ መልካም ሥርዓት እያለ ልጁ ስለምን ከጀርባ ወደ ጎን ወረደ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ጀርባው በሌላ ነገር ስለ ተያዘ ነው። እንስራውና ጄሪካኑ፥ እንጨቱና እህሉ የሚጫኑት በእናቲቱ ጀርባ ነው። የምዕራብ ጎጃም ምድር በውሃ የታደለ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ ያለባት ወረዳ ናት፤ ላህና ብር፥ ፈጣምም በየቈላው ይወርዳሉ። ነገር ግን ብዙው መንደር በጉብታ ላይ ሲሠራ ወንዙ የሚወርደው በሸለቆ ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ ታች ሲሮጥ እናቲቱ ወደ ላይ ትሸከመዋለች። ውሃው ጀርባዋን በወሰደ ጊዜ ልጁን ከቤት ጥላው ካልሄደች የቀራት ቦታ ጎኗ ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ጎን የመታቀፉ ችግር ከልማድ ጉድለት ይልቅ ከሸክም ብዛት የመጣ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አሁን ሸክሙን በኪሎ እንቍጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ መሠረት፥ መካከለኛ እድገት ያላት ሴት ልጅ ስትወለድ 3.2 ኪሎ፥ በስድስት ወሯ 7.3 ኪሎ፥ በዓመቷ 8.9 ኪሎ፥ በሁለት ዓመቷ 11.5 ኪሎ ትመዝናለች፤ ወንድ ልጅ ጥቂት ይበልጣል። 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጄሪካን በሞላ ጊዜ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። የዓመት ልጅ ታቅፋ ውሃ የምትሸከም እናት እንግዲህ 29 ኪሎ ያህል ይዛ ዳገት ትወጣለች ማለት ነው። የራሷ ክብደት 50 ኪሎ ከሆነ ሸክሙ ከሰውነቷ ክብደት ግማሽ ይበልጣል።

ክብደቱ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ይጎዳል። ልጅን በአንድ ዳሌ ላይ ለማስቀመጥ እናቲቱ ያንን ዳሌ ወደ ውጭ ገፍታ ወደ ላይ ታነሣዋለች። በዚህ ጊዜ የጀርባ አከርካሪ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በተቃራኒው ወገን ያሉት የወገብ ጡንቻዎችም አካሉ እንዳይወድቅ ሳያርፉ ይገትራሉ። ለጥቂት ጊዜ ሲሆን ሰውነት ይችለዋል። በየቀኑ ብዙ ሰዓት፥ ሁልጊዜም በአንድ ወገን ሲሆን ግን ወገብንና ዳሌን፥ ትከሻንና አንገትን ማሳመሙ አይቀርም። ልጁን አቅፎ የሚይዘው እጅም የራሱ ሕመም አለው። በአውራ ጣት ሥር ያለው ጅማት ሲያብጥ አንጓ ይጠዘጥዛል፤ ይህንንም ሕመም ፍሪትስ ደ ኬርቬን የተባለ የስዊስ ቀዶ ሐኪም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1895 ጽፎ ስላሳወቀ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሕፃናትን ደጋግመው በሚያነሡ እናቶች ላይ በብዙ እንደሚታይ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ይህን ነገር ለገበሬ ማስረዳት ረዥም ትምህርት አያሻውም። አህያ የሚጭን ሰው ጭነቱን ግራና ቀኝ ሳይመዝን አይነዳም። አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ እንደሚዞር፥ የአህያይቱም ጀርባ እንደሚላጥ ያውቃል። ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጥማዱን አቁሞ ያስተካክላል እንጂ በሬው እስኪቈስል አይጠብቅም። ለአህያና ለበሬ የተደረገው ጥንቃቄ ለልጆች እናት ሊነፈግ እንደማይገባ ለማንም ግልጥ ነው።

ጕዳቱ ከወገብ ሕመም የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። በእርግዝና ወራት የዳሌን አጥንቶች የሚያያይዙት ጅማቶች ለወሊድ እንዲመቹ ይላላሉ፤ ከወሊድም በኋላ ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው ጥንካሬያቸው አይመለሱም። ማሕፀንን ከታች የሚደግፉት ጡንቻዎችም እንደዚሁ ናቸው። በዚህ ወራት ከባድ ሸክም መሸከም ማሕፀን ከስፍራው እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። በጎንደር በኩል በዳባት ወረዳ ተደርጎ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት፥ ይህን የመሰለ ሕመም በቀን ብዙ ሰዓት ከባድ ዕቃ ከሚሸከሙ ሴቶች ጋራ የተያያዘ ሆኖ እንደ ተገኘ ገልጧል። ይህ ሕመም እናቲቱ ለባሏም ለጎረቤቷም ለመናገር የምታፍርበት ስለ ሆነ ብዙዎች ዓመታትን በዝምታ ያሳልፋሉ። ሳይታይ የሚቀረውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ የተነሣ ልጅን መሸከም ራሱ ክፉ ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። አዘለ የሚለው የአማርኛ ቃል ከግእዙ ሐዘለ፥ ታቀፈ የሚለውም ከሐቀፈ የመጣ መሆኑን መምህራን ያውቃሉ። ቃሉ ጥንታዊ እንደ ሆነ ሥራውም ጥንታዊና የተባረከ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየው ምስለ ፍቁር ወልዳ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ የሚያሳይ ነው፤ በዘመነ ጽጌም የምንዘክረው ያንኑ ልጅ ይዛ ያደረገችውን ስደት ነው። በውጭ አገር የተመራመሩት ሊቃውንትም የመታቀፍን ጥቅም መስክረዋል። ሊ ሳልክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1960 ከእናቶች አብዛኞቹ ሕፃንን በግራ፥ በልብ በኩል እንደሚይዙ ጽፏል። በሞንትሪያል ከተማ በ1986 የተደረገ ምርመራም ብዙ የታቀፈ ሕፃን ጥቂት እንደሚያለቅስ አሳይቷል። ከማላዊም በ2015 የወጣ ጽሑፍ፥ ልጅን እግሮቹን ከፍቶ በጀርባ ማዘል የሕፃኑን የዳሌ መጋጠሚያ ከመውለቅ የሚጠብቅ ይመስላል ሲል አስረድቷል። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት አስታማሚ በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ ቶጎ ሄዳ የአፍሪቃ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያዝሉ ካየች በኋላ፥ ወደ አገሯ ተመልሳ የልጅ ማዘያ አሠርታ ለንግድ አወጣችው። ሌላው ዓለም ከአፍሪቃ እናት ጀርባ ሲማር እኛ ያንን ጀርባ ለጄሪካን መተዋችን ያሳዝናል።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። እናቲቱ ውሃ ስትወርድ ልጁን ለታላቅ እኅቱ ትታ የምትሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። እኅቲቱ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አንቀልባውን አጥብቃ ለማሰር ገና ኃይል ስለማይኖራት ሕፃኑን በጎኗ አንጠልጥላ ትዞራለች። ክብደቷ 25 ኪሎ ለሆነ ልጅ የ10 ኪሎ ሕፃን ማለት ከሰውነቷ ከአምስት እጅ ሁለቱ እጅ ነው። አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ ይህን ተሸክማ ስትውል የሚደክመው ወገቧ ብቻ አይደለም፤ ከትምህርቷም ትዘገያለች። የእናት ሸክም ለልጅ የሚወርሰው እንደዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚቻለው ገንዘብ አይጠይቅም። ልጅን በጎን መታቀፍ ግድ በሆነ ጊዜ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ መያዝ፤ ከመሬት ሲያነሡት ወገብን ሳያጎብጡ በጉልበት ቁጢጥ ብሎ ማንሣት፤ ሲያጠቡት ጀርባን ለግድግዳ አስደግፎ መቀመጥ ይጠቅማል። አንገቱ ገና ያልጸና ሕፃን ራሱ ሳይደገፍ በጎን አይንጠልጠል። ረዥም መንገድ በሚሆንበት ጊዜ በአንቀልባ ወይም በጠንካራ ነጠላ ከፍ አድርጎ፥ እግሮቹን ከፍቶ፥ ጉልበቶቹን ወደ ላይ አድርጎ ማዘል ይሻላል፤ አፍንጫው ግን በጨርቅ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1995 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሴቶች ሠራተኞችን አሰማርቷል። እነዚህ እኅቶች ሕፃን መዝነው በሚመልሱበት ጊዜ የእናቲቱን ወገብ ደኅንነት ቢጠይቁ፥ ከላይ የተነገረውንም በሁለት ቃል ቢያስተምሩ ብዙ ሕመም አስቀድሞ ይከለከላል።

ሁለተኛው የባሎች ድርሻ ነው። በብዙ መንደር ወንድ ልጁን ታቅፎ በአደባባይ መታየቱ፥ ይልቁንም ውሃ መቅዳቱ እንደ ውርደት ይቈጠራል። ይህ ነውር ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ሙሴ በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ ሕዝቡን የመምራቱን ድካም የመሰለው ሞግዚት የሚጠባ ልጅን በብብቱ እንደሚታቀፍ አድርጎ ነው። ያን ታላቅ ነቢይ ያላሳፈረው ምሳሌ ለአንድ ባላገር ኀፍረት ሊሆን አይችልም። አረጋዊው ስምዖንም በየካቲት 8 ቀን የምናከብረው ሕፃኑን በቤተ መቅደስ በክንዱ በመታቀፉ ነው። ካህናት ይህን በዓል ሲያስተምሩ፥ ሽማግሌ ልጅ ቢታቀፍ ክብሩ እንደማይጎድል፥ ይልቁንም እንደሚጨመርለት ቢናገሩ ቃላቸው ከማንኛውም ሹም ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል።

የበዓላትን ነገርም እንዲያስቡበት ካህናትን እንለምናለን። ጎጃም በዓል አክባሪ አገር ነው። በበዓል ቀን በሬው ከቀንበር ይወጣል፥ ሞፈሩ ይሰቀላል፥ ገበሬውም ያርፋል። እንስራው ግን አያርፍም። ቤተ ሰቡም እንግዳውም ጠጥቶ የሚውለው እናቲቱ በዚያው ቀን ልጇን በጎኗ ይዛ ያመጣችውን ውሃ ነው። በበዓል ዕረፍት ያገኘው ባልና ጎልማሳ ልጅ ቢያንስ በዚያ ቀን ውሃውን ቢያመጣ በዓሉ ለቤቱ ሁሉ በዓል ይሆናል። የንስሐ አባትም ወደ ልጆቹ ቤት በሄደ ጊዜ አራሷ ከባድ ሸክም ጀምራ እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። አራስ ልጇ ወንድ ሲሆን እስከ 40 ቀን፥ ሴት ስትሆን እስከ 80 ቀን በቤት የምትቈይበት ሥርዓት ለሰውነቷም ታላቅ ዕረፍት ነው። ሆኖም ልጁ ክርስትና በተነሣ ማግስት እንስራው ወደ ጀርባዋ ከተመለሰ ዕረፍቱ በግማሽ መንገድ ቀረ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሹማምንት ድርሻ ሲሆን ዋናው ይህ ነው። ውሃ ወደ መንደር በቀረበ ቍጥር የእናት ጀርባ ነጻ ይሆናል፤ ጀርባው ነጻ በሆነ ጊዜም ልጁ ያለ ማንም አዛዥ ወደ ጥንት ቦታው ወደ አንቀልባው ይመለሳል። ስለዚህ ስለ ምንጭ ማጐልበትና ስለ ጕድጓድ ውሃ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ የሚቈጠረው የተሠራው ቧንቧ ብዛት ብቻ እንዳይሆን፥ እናቲቱ ከቤቷ እስከ ውሃው የምትሄደው መንገድና የምትወጣው ዳገትም አብሮ ይቈጠር። የተሠራውም ውሃ በተበላሸ ጊዜ ፈጥኖ መጠገኑ አዲስ ከመሥራት አያንስም፤ አንድ ፓምፕ በቆመ ቍጥር መቶ ጀርባ ተመልሶ ይጫናልና። ውሃው እስኪቀርብ ድረስ ደግሞ አህያና ጋሪ ለውሃ ማመላለሻ እንዲውሉ ገበሬዎችን መምከር ይቻላል። እህል ወደ ገበያ የምትወስደው አህያ ውሃ ከወንዝ ብታመጣ የሚጎድልባት ነገር የለም።

ለመንግሥት ሠራተኛና ለድርጅት ሠራተኛ ሕግ የሠራላት መልካም ነገር አለ። በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ዕረፍት ሰጥቷል። በ2010 ዓመተ ምሕረት የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064ም በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቈያ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ለገጠሪቱ እናት ግን ደመወዝ ከፋይም ዕረፍት ሰጪም የላትም፤ የእርሷ አዋጅ የጎረቤቶቿና የባሏ ርኅራኄ ነው። ቢያንስ ወደ መሥሪያ ቤት በመጣች ጊዜ ሕፃን ታቅፋ በፀሐይ እንዳትቆም፥ አግዳሚ ወንበር ተዘጋጅቶ ተራዋ እንዲቀድምላት ማድረግ የማንኛውም የወረዳ ሹም ሥልጣን የሚፈቅደው ነገር ነው። በቡሬ በተሠራው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና እርሱን በመሰለው የሥራ ስፍራ ሴቶች በሚቀጠሩበት ጊዜም የሕፃናት ማቈያ ክፍል ከመጋዘኑ እኩል ይታሰብ።

በዚህ ላይ ደግሞ ከ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ፥ በመኪና ይደረስ የነበረው ጤና ጣቢያና ገበያ በእግር የሚኬድ ሆኗል። መንገዱ በረዘመ መጠን በጎን ያለው ልጅ ክብደት ይጨምራል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በስሟ ያለው መልካም ምኞት በእናቶች እግር ሥር እውነት እንዲሆን መጸለይና መጣር የሁላችን ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ እናቶቻችን ሁሉ እንደዚህ ተሸክመው አሳደጉን፥ ምን ሆኑ? ይል ይሆናል። የሆኑትን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በየመንደሩ በ50 ዓመታቸው ጎብጠው በትር የሚይዙትን ሴቶች ይይ፤ ወገቤን የሚለውንም ቃል በስንት ቤት እንደሚሰማ ይቍጠር። እነርሱ መቻላቸው ትዕግሥታቸውን ያስመሰግናል እንጂ ሸክሙን ትክክል አያደርገውም።

አበው፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። የልጅም ነገር እንዲሁ ነው። በአንዲት እናት አንድ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ሸክም ይሆናል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከጎን ወደ ጀርባ፥ ከእናት ወደ አባትና ወደ አያት ክንድ የሚተላለፍ ልጅ ግን የቤቱ ጌጥ ነው። ስለዚህ ውሃውን ከእናቶች ጀርባ ላይ ለማውረድ ሹሙ በበጀቱ፥ ካህኑ በትምህርቱ፥ ባሉም በጉልበቱ ይርዳ። ጀርባው ነጻ ከሆነ ልጁን በዚያ ላይ እንዴት እንደምታዝለው ለጎጃም እናት ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም።